መንገድ የነበረው ወሰን
«ሊሚት» የተባለው ቃል የሁለት ሺህ ዓመት ጉዞ

አሮጌ የቤት ሽያጭ ውል ያነበበ ሰው ይህችን አንቀጽ ያውቃታል፦ በምሥራቅ የወይዘሮ እገሊት ቤት፣ በምዕራብ የአቶ እገሌ ወራሾች፣ በሰሜን ወንዝ፣ በደቡብ መንገድ የሚያዋስነው። ቦታው በካሬ ሜትር ከመለካቱ በፊት የሚታወቀው በአዋሳኞቹ ነበር። ባለቤቱ የት እንደሚያበቃ ለማወቅ ጎረቤቱ ከየት እንደሚጀምር መጠየቅ ያስፈልግ ነበር። ከአራቱ አዋሳኞች አንዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ መንገድ ነው።

ይህችን አንቀጽ ያስታወሰኝ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ «ሊሚት»። ዛሬ ቃሉን ያልሰማ ከተሜ የለም። በስልኩ ገንዘብ የሚልክ ሰው የዕለቱ ሊሚት ሲያልቅበት ይቆማል። ሾፌሩ ስፒድ ሊሚት ያውቃል። የ12ኛ ክፍል ተማሪ በሒሳብ ትምህርቱ ውስጥ ሊሚትን ያገኛል። ከውጭ የመጣ ዕቃ ካርቶን ላይ ከአምራቹ ስም ቀጥሎ «ሊሚትድ» ተጽፏል። በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች ቃሉን የምናውቀው እንደ ከልካይ ነው፤ «እዚህ ላይ ይበቃሃል» የሚል ዘበኛ። ሲወለድ ግን ሥራው ሌላ ነበር። ሊሚት መጀመሪያ መንገድ ነበር። ከመንገድነት ተነሥቶ ግንብ፣ ቀጥሎም ቁጥር፣ ሕግና ማስጠንቀቂያ እስኪሆን የተጓዘበትን ታሪክ መከተል ሰዎች ስለ ወሰን ያሰቡትን ሁሉ መከተል ነው። (በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ቀናቱና ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሁለት ማሳ መካከል

የቃሉ አያት በላቲን «ሊሜስ» ይባላል። ትርጉሙ በሁለት ማሳዎች መካከል ሳይታረስ የሚቀር ጠባብ መተላለፊያ ነው። የገጠር ልጅ የሆነ ሁሉ በዓይኑ ያየዋል፦ ግራና ቀኙ ሲታረስ መካከሉ ሣር አብቅሎ የሚቀር፣ ከብት የሚነዳበት፣ ውኃ የሚቀዳ ሰው የሚያልፍበት መስመር። የኔ ብቻ አይደለም፣ የአንተም ብቻ አይደለም። ሁለታችንም ስላልነካነው ሁለታችንም እንሄድበታለን።

ሮማውያን ይህን የገበሬ ልማድ የመንግሥት ሥራ አደረጉት። አዲስ አገር ሲይዙ ከጦሩ ጋር ቀያሾች ይሄዱ ነበር። የቀያሹ መሣሪያ «ግሮማ» ይባላል። ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ነው፤ ከአናቱ በአግድም የሚሽከረከር መስቀል አለው፤ ከመስቀሉ አራት ጫፎች ግንበኞች ዛሬም እንደሚይዙት ዓይነት ቱንቢዎች ተንጠልጥለዋል። ቀያሹ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሁለቱን ክሮች በአንድ መስመር ያያል፤ ረዳቱ ርቆ ዘንግ ይተክላል። ከዚያ በሌሎቹ ሁለት ክሮች በኩል ዞሮ ያንኑ ይደግማል። እንዲህ እያለ አገሩን በቀጥታ መስመሮች አራት ማዕዘን አድርጎ ይከፍለዋል። ነፋስ ቱንቢውን ካወዛወዘው ቆሞ ይጠብቃል።

የአንዱ አራት ማዕዘን ጎን ወደ 710 ሜትር ይደርስ ነበር፤ ስፋቱ 50 ሄክታር ገደማ ነው። «ሴንቱሪያ» ይሉታል፣ የመቶ ሰው ድርሻ እንደ ማለት። አራት ማዕዘኖቹን የሚለያዩት መስመሮች ናቸው ሊሜስ የሚባሉት። እነዚህ በወረቀት ላይ የተሰመሩ ሐሳባውያን መስመሮች አልነበሩም፤ ስፋታቸው በሕግ የተደነገገ መንገዶች ነበሩ። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚዘረጋው ዋናው 40 የሮማ ጫማ፣ እሱን የሚያቋርጠው ዋና 20፣ ከዚያ በየአምስተኛው 12፣ የቀሩት ደግሞ 8 ጫማ ይሰፉ ነበር። በጣሊያን ሰሜን በኤሚሊያ ሮማኛ ሜዳ ላይ በአውሮፕላን የሚያልፍ ሰው ይህን ፍርግርግ ዛሬም ወደ ታች ያየዋል። የገጠር መንገዶቹ፣ ቦዮቹና የማሳ ጠርዞቹ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ቀያሹ ባስቀመጣቸው መስመር ላይ ናቸው። በ187 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የተሠራው የኤሚሊያ ጎዳና በብዙ ከተሞች የፍርግርጉ ዋና ጀርባ አጥንት ነበር። የተሰመረው ወሰን መንገድ ስለሆነ የሚሄድበት ሰው አልጠፋም፤ የሚሄድበት ሰው ስላልጠፋም ሳይደመሰስ ቀረ።

የድንጋዩ በዓል

ሮማውያን ወሰንን የሚጠብቅ አምላክም ነበራቸው፤ ስሙ ተርሚነስ ነው። ምስሉ የሰው ፊት አያሻውም፤ መሬት ውስጥ የተተከለ ድንጋይ ወይም ጉቶ ይበቃዋል። በዓሉ የካቲት ወር ውስጥ፣ በ23ኛው ቀን ይውላል። ባለቅኔው ኦቪድ እንደ ዘገበው በዚያ ቀን ሁለቱ አዋሳኞች ከየራሳቸው ማሳ ወደ ድንጋዩ ይመጣሉ። አንዱ በዚህ ወገን፣ ሌላው በዚያ ወገን አበባ ያለብሱታል። እሳት ይነዳል፤ ሕፃናት እህል ይዘው ይቆማሉ፤ የማር እንጀራ ይቀርባል፤ ጠቦት ይታረዳል። ከዚያ ጎረቤታሞቹ አብረው ይበላሉ። ድንበር ገፊ ግን ወዮለት። በጥንታዊው የሮማ ልማድ የወሰን ድንጋይ በማረሻው የነቀለ ሰው ከነበሬዎቹ የተረገመ ነው። ኦሪት ዘዳግም በ27ኛው ምዕራፍ ከሚዘረዝራቸው ርግማኖች አንዱ የባልንጀራውን የድንበር ምልክት በሚነቅል ሰው ላይ መሆኑን ስናስታውስ፣ ሁለት የተራራቁ ሕዝቦች በአንድ ነገር መስማማታቸውን እናያለን። ድንበር መግፋት ከሌብነት ይከፋል፤ ሌባ ንብረት ይወስዳል፣ ድንበር ገፊ ግን ጎረቤትነትን ያፈርሳል።

ከዚህ ድንጋይ ስንት ቃል ወጣ! የአውቶቡስና የአውሮፕላን ማረፊያችን «ተርሚናል» ስሙን ያገኘው ከተርሚነስ ነው። የትምህርት ዘመን ክፍል የሆነው «ተርም» ከዚያው ነው። እንግሊዝኛ «መወሰን» ለማለት የሚጠቀምበት «ዲተርሚን» የዚያው ድንጋይ ልጅ ነው። ይህ የመጨረሻው ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን አይችልም። የኛም ቋንቋ በዚሁ መንገድ ሄዷል። «ወሰን» እና «ውሳኔ» ከአንድ ግሥ ይወለዳሉ፤ ዳኛ ወሰነ እንላለን፣ መሬቱ ተዋሰነ እንላለን። ላቲኑም ግዕዙም የተረዱት አንድ እውነት ነው፦ መወሰን ማለት ከብዙ አማራጮች መካከል ድንጋይ መትከል ነው። የተከለ ሰው ደግሞ ነገ ተነሥቶ አልተከልኩም ሊል አይገባውም።

መንገዱ ግንብ ሲሆን

በመጀመሪያው መቶ ዓመት ሊሜስ የሚለው ቃል ወደ ሠራዊቱ አፍ ገባ። የሮማ ጭፍሮች በጀርመን ጫካ ውስጥ እየመነጠሩ የሚያወጡትን የዘመቻ መንገድ ሊሜስ ይሉት ጀመር፤ ታሪክ ጸሐፊው ታኪቶስ ቃሉን በዚህ ፍቺ ይጠቀምበታል። ቤንጃሚን አይዛክ የተባሉት ሊቅ በ1988 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ቃሉ በዘመናችን የታሪክ መጻሕፍት እንደሚነገረው የተመሸገ የመከላከያ መስመር ማለት አልነበረም። መጀመሪያ የወታደር መንገድ፣ በኋላ ደግሞ የጠረፍ አገር ማለት ነበር። ጠረፉን የሚጠብቁት ወታደሮች በአራተኛው መቶ ዓመት «ሊሚታኔይ» ተባሉ፤ የጠረፍ ሰዎች።

ግንቡም ግን መጣ። ንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን በ122 በብሪታንያ ያስጀመሩት ግንብ ደሴቲቱን ከባሕር እስከ ባሕር ለ118 ኪሎ ሜትር ያህል ቆርጧታል። በራይንና በዳንዩብ ወንዞች መካከል ደግሞ 550 ኪሎ ሜትር ያህል የእንጨት አጥር፣ ጉድጓድና ማማ ተዘረጋ። ሁለቱም ዛሬ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ናቸው። የሐድሪያን ግንብ ፍርስራሽን የሚጎበኝ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፦ በሮች። በየአንድ የሮማ ማይል፣ ማለትም በየ1.5 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ትንሽ ምሽግ ነበረ፤ በየምሽጉም ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚከፈት በር። ነጋዴና እረኛ እየተፈተሸ ያልፍ ነበር። በዓለም ከሁሉ የገነነው መንግሥት በጉልበቱ ጫፍ ላይ ቆሞ እንኳ በር የሌለው ወሰን እንደማይሠራ ያውቅ ነበር።

ሊሜስ «ሊሜን» የሚባል ዘመድ አለው፤ ሊቃውንት ሁለቱ ከአንድ ሥር ሳይወጡ አልቀሩም ይላሉ። ሊሜን የበር ደፍ ነው። ከእሱ «ኤሊሚኔት» መጣ፤ ቃል በቃል ሰውን ከደፍ ውጭ አውጥቶ መጣል። «ፕሪሊሚናሪ» ደግሞ ደፍ ከመርገጥ በፊት ያለው ነው። ፈረንሳዊው ቫን ዤኔፕ በ1909 ባሳተመው መጽሐፉ የሰው ልጅ ከአንድ የሕይወት ደረጃ ወደ ሌላው ሲሻገር በደፍ ላይ የሚቆይበት ጊዜ እንዳለ አስተማረ። እኛ ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለገንም። አራስ ከጎጆዋ የምትቆይባቸውን፣ ወንዱ እስከ 40፣ ሴቷ እስከ 80 ቀን ክርስትና የሚጠብቁባቸውን ሳምንታት የሚያውቅ ሰው፣ ደፍ ላይ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሴትዮዋ የትናንትናዋ አይደለችም፤ ገና ወደ ሰው መካከልም አልወጣችም። የሚጎበኛት፣ ገንፎ የሚያገነፋላት፣ በር የሚጠብቅላት ሰው ግን አለ። ደፍ ሰው የሚሻገርበት ቦታ ስለሆነ ሌላ ሰው እጁን ይዘረጋል።

ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ

እንግሊዝኛ «ሊሚት»ን ከፈረንሳይኛ የተቀበለው በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። በዚያው ዘመን የነበረው ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰር በ«የካንተርበሪ ተረቶች» ውስጥ ያስገባው ለማኝ መነኩሴ «ሊሚተር» ይባላል፤ ምጽዋት እንዲለምን የተፈቀደለት በተወሰነ ወረዳ ውስጥ ብቻ ስለሆነ ነው። የመነኩሴው ወሰን የእግሩ መሄጃ ነበር። እዚህም ቃሉ ገና የመንገድ ሽታ አለው።

በእንግሊዝ አገር ግን ለወሰን ብዙ ቃል ነበረ። የደብር ሰዎች በዓመት አንድ ጊዜ ከካህኑ ጋር ወሰናቸውን በእግር ይዞሩ ነበር። ልጆቹን በየድንጋዩ በአርጩሜ ቸብ ያደርጓቸዋል፤ ካርታ ባልነበረበት ዘመን ያ ልጅ ሲሸመግል ወሰኑ የት እንደነበረ እንዲመሰክር። «ፔል» የሚል ቃልም ነበር፤ የእንጨት ችካል ከሚል የላቲን ቃል የመጣ። በአየርላንድ በደብሊን ዙሪያ በእንግሊዝ ዘውድ ሥር የነበረው አገር «ፔል» ይባል ነበር፤ ከዚያ ውጭ ያለው እንደ ዱር ይቆጠር ነበር። በሩሲያም ከ1791 እስከ 1917 ድረስ አይሁድ ከተወሰኑ የምዕራብ አውራጃዎች ውጭ እንዳይኖሩ የተደነገገበት አገር በእንግሊዝኛ በዚሁ ቃል ተጠራ። እዚህ ላይ ወሰኑ ፊቱን ቀየረ። ሁለት ጎረቤታሞች ተነጋግረው ያቆሙት ድንጋይ መሆኑ ቀርቶ፣ አንዱ በሌላው ዙሪያ የተከለው አጥር ሆነ።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን በየቢሮው፣ በየጋዜጣ ዝግጅት ክፍሉ በቀን አሥር ጊዜ የምንጠራው «ዴድላይን» ነው። ቃሉ በሰፊው የታወቀው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ፣ በጆርጂያ ግዛት በአንደርሰንቪል እስር ቤት ነው። ከየካቲት 1864 ጀምሮ በዚያ ወደ 45 ሺህ የሚጠጉ የሰሜን ወታደሮች ታሰሩ። ከግንዱ አጥር በስተ ውስጥ፣ 6 ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ አጫጭር ምሰሶዎች ተተክለው በላያቸው ቀጭን አጣና ተጋድሞ ነበር። ያን አጣና ያለፈ እስረኛ ከማማው ላይ ያለ ማስጠንቀቂያ በጥይት ይመታል። ስሙ በቀጥታ «የሞት መስመር» ነው። በዚያ ካምፕ 13 ሺህ ያህል ሰው አለቀ፤ አብዛኛው በረሃብና በበሽታ። አዛዡ ሄንሪ ዊርዝ ተፈርዶበት በኅዳር 10 ቀን 1865 ተሰቀለ። ቃሉ ግን አልሞተም፤ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የማተሚያ ቤትና የጋዜጣ ሰዎች ለሥራ ማስረከቢያ ሰዓት ወሰዱት።

እነዚህን ሁለት ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንዱ ሁለት ገበሬዎች የሚሄዱበት ሣር፤ ሌላው የተራበ እስረኛ የሚሞትበት አጣና። ሁለቱም ወሰን ናቸው። ልዩነታቸው አንድ ነው፦ የመጀመሪያውን ሁለቱም ወገኖች አኖሩት፣ ሁለተኛውን ጠመንጃ የያዘው ብቻ። ስለ ማንኛውም ወሰን ልንጠይቀው የሚገባን ዋና ጥያቄ ከዚህ ይወጣል፤ ማን ከማን ጋር ተነጋግሮ አኖረው?

ዳቦውና ግማሹ

ሊሚት ከመሬት ተነሥቶ ወደ ሐሳብ የገባው በሒሳብ በኩል ነው። አንድ ዳቦ አለ እንበል። ዛሬ ግማሹን በላን፣ ነገ የቀረውን ግማሽ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ የቀረውን ግማሽ። የበላነው 1/2፣ ከዚያ 3/4፣ ከዚያ 7/8፣ ከዚያ 15/16 እያለ ይሄዳል። በአሥረኛው ቀን የቀረን ከ1,024 አንድ እጅ ነው። ዳቦው መቼም አያልቅም፤ ነገር ግን የበላነው ወዴት እየሄደ እንደሆነ ማንም ያውቃል፤ ወደ አንድ ሙሉ ዳቦ። ያ «አንድ» ሊሚት ይባላል። አልተደረሰበትም፣ ግን መንገዱ በሙሉ ወደ እሱ ነው።

አርኪሜዲስ በሦስተኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ክብን ባለ 96 ጎን ቅርጾች ከውስጥና ከውጭ አጣብቆ፣ የክብ ዙሪያ ለአቋራጩ ያለው ውድር ከ3 ከ10/71 እንደሚበልጥና ከ3 ከ1/7 እንደሚያንስ አረጋገጠ። ሐሳቡን በእጁ ይዞት ነበር፤ ስም ግን አልሰጠውም። ኒውተን በ1687 በታተመው ታላቅ መጽሐፉ እየጠፉ ስለሚሄዱ መጠኖች የመጨረሻ ውድር ተናገረ። ጳጳሱ ጆርጅ በርክሌይ በ1734 ተነሥቶ ያን መሠረት አናጋው፤ አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ነው ትላላችሁ፣ ሌላ ጊዜ ምንም ነው ትላላችሁ፣ የቱ ነው? ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ሒሳብ ሊቃውንቱንም ከመቶ ዓመት በላይ አስጨነቃቸው። በ1821 ፓሪስ ውስጥ ኮሺ ለሊሚት ጥንቃቄ ያለው ፍቺ ሰጠ፤ ከዚያ በርሊን ላይ ዋየርሽትራስ ዛሬ የሒሳብ ተማሪ የሚማረውን ቅርጽ አስያዘው።

የዋየርሽትራስን ፍቺ ከምልክቶቹ ብናራቁተው የሁለት ሰው ክርክር ሆኖ እናገኘዋለን። አንዱ ይላል፤ «ወደ አንድ ይጠጋል ካልክ እስከ ምን ያህል? እኔ ርቀት ልጥራብህ፤ ከሺህ አንድ።» ሌላው ይመልሳል፤ «ከአሥረኛው ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው።» «ከሚሊዮን አንድስ?» «ከሃያኛው ቀን ጀምሮ።» ጠያቂው የፈለገውን ያህል ጠባብ ርቀት ቢጠራ መላሹ መልስ ካላጣ ሊሚቱ ተረጋገጠ። ሒሳብ በሁሉም ዘንድ የብቸኝነት ሥራ ይመስላል፤ የሊሚት እውነት ግን ልክ እንደ ማሳው ወሰን በጠያቂና በመላሽ መካከል ይጸናል። ተማሪዎቻችን ይህን ትምህርት በእንግሊዝኛ ቀመር ብቻ ሲጋፈጡት ሳይ ልቤ ያዝናል። በዳቦ ቢጀመርላቸው በቋንቋቸው የሚያውቁት ነገር መሆኑን ያዩ ነበር።

ኃላፊነቱ የተወሰነ

በአዲስ አበባ የትኛውም ጎዳና ላይ ቆማችሁ ታፔላ አንብቡ። «ኃ.የተ.የግ.ማ.» የሚሉት ፊደላት በየሕንፃው ላይ ናቸው፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር። እዚያ «የተወሰነ» የሚለው ቃል የእንግሊዝኛው «ሊሚትድ» ባልደረባ ነው፤ በውስጡም ያ የድሮ የወሰን ድንጋይ ተቀብሯል።

በእንግሊዝ አገር ከ1855 በፊት ተራ የንግድ ሽርክና የገባ ሰው ማኅበሩ ሲከስር እስከ መጨረሻው ሳንቲም፣ እስከ ቤቱና እስከ አልጋው ድረስ ይጠየቅ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ባለ አክሲዮኑ የሚያጣው ያዋጣውን ወይም አዋጣለሁ ያለውን ብቻ እንዲሆን ፈቀደ። አንድ ግዴታ ግን አኖረ፦ ማኅበሩ በስሙ መጨረሻ ላይ «ሊሚትድ» የሚለውን ቃል እንዲጽፍ። ሐሳቡን በማቅረብ የሚታወሱት ሕግ አዋቂው ብራምዌል ናቸው። ቃሉ ጌጥ አልነበረም። ከዚህ ማኅበር ጋር የምትገበያይ ሁሉ፣ ከባለቤቶቹ ኪስ የምታገኘው ወሰን እንዳለው እወቅ የሚል በር ላይ የተለጠፈ ማሳሰቢያ ነበር። በ1896 የጫማ ነጋዴው የሳሎሞን ጉዳይ እስከ እንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ደርሶ ማኅበሩ ከባለቤቱ የተለየ ሰውነት እንዳለው ተበየነ።

የኛ አገር የንግድ ሕግ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ይህን ዓይነት ማኅበር ከ2 እስከ 50 አባላት እንዲኖሩት ደነገገ፤ በ2013 ዓ.ም. የተተካው አዲሱ ሕግ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን እንዲያቋቁመው ፈቀደ። ስንት ወጣት ነጋዴ የእናቱን ቤት ለአደጋ ሳያጋልጥ ሥራ የጀመረው በዚህች አንዲት «የተወሰነ» ቃል ጥላ ሥር ነው! ወሰኑ ለፍርሃቱ ልክ አበጀለት፤ በልኩም ደፈረ። ግን ቃሉ በመጀመሪያ የተጻፈው ለሌላው ወገን፣ ለአበዳሪው፣ መሆኑን አንርሳ። ታፔላው ላይ ያለው ወሰን የሚጸናው ሁለቱም ሲያነቡት ነው።

መንገዱ ወሰን ሲበጅለት

መንገድ ሆኖ የተወለደው ቃል ዞሮ መንገድን የሚገድብ ሆነ። የ1865 የእንግሊዝ ሕግ በእንፋሎት የሚሄዱ ተሽከርካሪዎችን በገጠር በሰዓት 4 ማይል፣ በከተማ 2 ማይል ወሰናቸው፤ ከፊታቸውም ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው በእግሩ እንዲሄድ አዘዘ። በ1896 መጀመሪያ በኬንት ዋልተር አርኖልድ የተባለ ሰው 2 ማይል በተፈቀደበት ቦታ 8 ማይል፣ ማለትም በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሲነዳ ፖሊስ በቢስክሌት አሳዶ ያዘው፤ አንድ ሺሊንግና ወጪ ተቀጣ። በዚያው ዓመት ኅዳር ውስጥ ጣሪያው ወደ 14 ማይል ከፍ ተደረገ። የዛሬ ሾፌር 13 ኪሎ ሜትር ሲሰማ ፈገግ ይላል። ነገር ግን ገበያ ከምትሄድ አሮጊትና ከትምህርት ቤት ከሚወጣ ሕፃን ጋር ለሚጋሩት መንገድ የፍጥነት ወሰን ከሮማዊው የማሳ መተላለፊያ ጋር አንድ ሥራ ነው የሚሠራው፤ መንገዱ የሁሉም ሆኖ እንዲቀር ያደርጋል።

በወረቀትና በመሬት

ከዚሁ ሥር የወጣው «ዲሊሚቴሽን» በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ በደም የተጻፈ ቃል ነው። የዓለም አቀፍ ሕግ ሰዎች ወሰንን በወረቀት ላይ መወሰንንና በመሬት ላይ ችካል መትከልን ለይተው ያያሉ። ግንቦት 15 ቀን 1902 ዳግማዊ ምኒልክና የብሪታንያው ተወካይ ሃሪንግተን ከሱዳን ጋር ያለውን ወሰን በአዲስ አበባ ተዋዋሉ፤ በዓመቱ ሻለቃ ቻርልስ ግዊን መስመሩን በመሬት ላይ አመለከተ። ከ1998 እስከ 2000 ከኤርትራ ጋር ከተካሄደው ጦርነት በኋላም የወሰን ኮሚሽኑ በሚያዝያ 13 ቀን 2002 ውሳኔውን ሰጠ፤ በመጨረሻ ግን መስመሩን በካርታ ነጥቦች ብቻ አስቀምጦ ምሰሶ ሳይተክል ሥራውን አበቃ። ተርሚነስ ድንጋዩ ላይ ሁለት ጎረቤት እንዲቆም የጠየቀው በከንቱ አልነበረም። ወረቀት በሩቅ ከተማ ይፈረማል፤ ችካል ግን ሁለቱም ወገኖች ቆመው ካላዩት አይጸናም።

የ1902 ውል ሦስተኛ አንቀጽ ሌላም ነገር ይዟል። ምኒልክ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያቆም ሥራ ያለ ብሪታንያና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠሩ የሚል ቃል ነው። በአማርኛ «ገደብ» እና «ግድብ» ከአንድ ግሥ ይወጣሉ፤ በዚያ ወረቀት ላይ ገደቡ የተጣለው በግድብ ላይ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው የዓባይ ግድብ ፊት የቆመ ሰው የዚህን የቃላት ዝምድና በዓይኑ ያያል። 145 ሜትር ከፍታ ያለው ኮንክሪት ውኃውን ይይዛል፤ በተርባይኖቹና በማፍሰሻ በሮቹ በኩል ደግሞ ይለቀዋል። በር የሌለው ግድብ ራሱን ያፈርሳል። ከዚህ የተነሣ ወንዙን በሚጋሩ ሕዝቦች መካከል የቀረው ሥራ የሐድሪያን ግንበኞች ያወቁትና የገበሬዎቹ ድንጋይ የሚያስተምረው ነው፤ በበሩ ላይ መነጋገር።

የመጨረሻው ወሰን

ባለፈው መቶ ዓመት ቃሉ ሁለት ትላልቅ ነገሮችን ለመገደብ ተጠራ። አንዱ ሥልጣን ነው። ፍራንክሊን ሩዝቬልት አራት ጊዜ ከተመረጡ በኋላ አሜሪካ በ1951 ባጸደቀችው 22ኛ ማሻሻያ ማንም ከሁለት ጊዜ በላይ ፕሬዚዳንት ሆኖ እንዳይመረጥ አገደች። እንግሊዝኛ ይህን «ተርም ሊሚት» ይለዋል፤ የድንጋዩና የማሳው መተላለፊያ ቃላት እዚህ ጎን ለጎን ቆመዋል። ሥልጣንም እንደ መሬት አዋሳኝ አለው፤ አዋሳኙ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ነው። ሁለተኛው ምድር ራሷ ናት። በ1972 የሮማ ክለብ ያስጠናውና «የዕድገት ሊሚቶች» በሚል ርእስ የታተመው መጽሐፍ በኮምፒዩተር ስሌት ተደግፎ ፍጆታችን ወደ ጣሪያው እየተጠጋ መሆኑን አስጠነቀቀ። በ2009 ደግሞ ተመራማሪዎች የሰው ልጅ ሊያልፋቸው የማይገባ ዘጠኝ የምድር ወሰኖችን ዘረዘሩ። እዚህ ላይ ከወሰኑ ማዶ ያለው አዋሳኝ ገና አልተወለደም። ስለራሱ ሊናገር ስለማይችል ድንጋዩን በሁለቱም ወገን አበባ ማልበስ የኛ ድርሻ ሆነ።

ያ አሮጌ የሽያጭ ውል ዛሬ ቦታውን ለካርታ ለቋል። በአዲሱ ካርታ ላይ የቦታው ማዕዘኖች በቁጥር ተጽፈዋል፤ ትክክለኛ ናቸው፣ ለሙግትም ይበጃሉ፤ ልንመልሳቸው አንሻም። በአሮጌው ወረቀት ላይ ግን አንዴ ዓይናችሁን አሳርፉ። ከአንቀጾቹ ግርጌ እማኞች ፈርመዋል፤ ፊደል ያልቆጠረው በአውራ ጣቱ አሻራ። ስማቸውን ወደ ላይ ወስዳችሁ ብታነጻጽሩ አንዳንዴ ከአዋሳኞቹ አንዱ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። በምሥራቅ በኩል የሚያዋስኑት ወይዘሮ፣ ጎረቤታቸው እስከ የት እንደሚደርስ ለመመስከር በደቡብ በኩል ባለው መንገድ ዞረው መጥተው፣ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ አሳርፈዋል።